ከለገሃር ሐዲድ እስከ ዋርካ ፍሬ፦ ሂንዱዎች ምን ያምናሉ?

አዲስ አበባ፦ ለገሃር ስሙን ያገኘው የባቡር ጣቢያ ከሚጠራበት የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከህንድ በመርከብ የመጣው ጨርቅና ቅመማ ቅመም በዚህ መስመር ወደ መሐል አገር ሲገባ፣ ነጋዴዎቹም አብረው ገቡ። ብዙዎቹ ከምዕራብ ህንድ፣ ከጉጃራት የተነሡ ነበሩ። ስሙ ጎልቶ የቀረው የመሐመድ አሊ ኩባንያ የሙስሊሞች ነበር፤ በነጋዴዎቹ መካከል ግን ሂንዱዎችም አልጠፉም።

ከባቡሩ ዘመን አስቀድሞም በምጽዋ ወደብ «ባንያን» የተባሉ የጉጃራት ነጋዴዎች ይኖሩ ነበር፤ አብዛኞቹ የሂንዱ እምነት ተከታዮች ናቸው። አውሮፓውያን በህንድ ምድር የሚበቅለውን አንድ ግዙፍ ዛፍ «ባንያን» ብለው የሰየሙት፣ እነዚህ ነጋዴዎች ከጥላው ሥር ተቀምጠው ሲገበያዩ አይተው ነው። ዛፉ የእኛው ዋርካና ሾላ የቅርብ ዘመድ ነው። አንባቢ ይህን ዛፍ ልብ ይበልልን፤ የሂንዱዎችን እምነት ለመረዳት ያገለግለናል።

ቆየት ብሎ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ህንዳውያን መጡ። ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ክርስቲያኖች ቢሆኑም፣ ሂንዱ የሆኑትም ነበሩባቸው። ይህን ያህል ዘመን አብረናቸው ኖረን ስለ እምነታቸው የምንናገረው ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቃል አይዘልም፤ «ላም ያመልካሉ» እንላለን። አባባሉ አጭር ነው፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይሰፋል።

በህንድ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከመቶው ወደ 80 የሚጠጋው ሕዝብ ሂንዱ ነው። እምነቱ አንድ መሥራች የለውም፤ በአንድ መጽሐፍም አይጠቃለልም። ጥንታውያኑ ቅዱሳት ጽሑፎች ቬዳዎች ይባላሉ፤ ከሁሉ የሚቀድመው ሪግቬዳ ከ3000 ዓመታት በላይ ዕድሜ እንዳለው ይገመታል። ለብዙ መቶ ዓመታት በብራና ላይ ሳይሰፍሩ በቃል ብቻ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ተላለፉ። ድጓን በቃሉ የሚያጠና የቆሎ ተማሪ ያለበት አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የቬዳ ተማሪም ከመምህሩ ቤት እያደረ፣ እያገለገለና ምጽዋት እየለመነ ነበር የሚማረው።

በቬዳዎቹ መጨረሻ የሚገኙት የፍልስፍና መጻሕፍት ኡፓኒሻዶች ይባላሉ። የቃሉ መነሻ ከመምህር አጠገብ ዝቅ ብሎ መቀመጥን ያመለክታል፤ ከየኔታ እግር ሥር እንደ ማለት ነው። በልማድ 108 ናቸው ቢባልም፣ ዋነኞቹና ጥንታውያኑ ከ10 እስከ 13 ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኢትዮጵያን የጎበኙት የህንድ ፕሬዚዳንት ሳርቬፓሊ ራድሃክሪሽናን ዋና ዋናዎቹን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው ያብራሩ የፍልስፍና ሊቅ ነበሩ።

ከጥንታውያኑ አንዱ በሆነው በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ፣ ሽቬታኬቱ የተባለ ወጣት 12 ዓመት ተምሮ በዕውቀቱ እየታበየ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አባቱ ያንን ባንያን የተባለውን ዛፍ ፍሬ እንዲያመጣና እንዲከፍለው ያዝዘዋል። ልጁ በውስጡ ደቃቅ ዘሮችን ያገኛል። ከዘሮቹም አንዱን እንዲከፍል ሲታዘዝ ምንም የሚታይ ነገር ያጣል። አባትየው ያ ግዙፍ ዛፍ የቆመው ልጁ ሊያየው ካልቻለው ከዚያ ረቂቅ ነገር እንደሆነ ያስረዳዋል፤ ዓለሙ ሁሉ የቆመው በዚሁ ረቂቅ ነገር ነው፤ የልጁም እውነተኛ ማንነት ያው ነው። የሾላ ፍሬ ቆርሶ ዘሩን በጥፍሩ የነካ ገበሬ የምሳሌውን ጉልበት ከፈላስፋ ቀድሞ ይረዳዋል።

ያ የማይታየው የሁሉ መሠረት ብራህማን ይባላል፤ የሰው ውስጣዊ ማንነት ደግሞ አትማን። ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ ሊቃውንቱ ራሳቸው አይስማሙም። ሻንካራ ፍጹም አንድ ናቸው ሲል፣ ማድቫ የተለያዩ ናቸው ብሎ ሞግቷል። የአማልክቱ ብዛትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በሌላ ኡፓኒሻድ አንድ ጠቢብ አማልክት ስንት እንደሆኑ ደጋግሞ ሲጠየቅ፣ ከ3306 ጀምሮ ወደ 33፣ ወደ 6 እያለ ቁጥሩን አሳንሶ በመጨረሻ አንድ ላይ ይደርሳል። ብዙ ሂንዱዎች ቪሽኑንም ሺቫንም የአንዱ እውነት ልዩ ልዩ መገለጫዎች አድርገው ያያሉ።

ሰው ሲሞትስ? አባጨጓሬ ከሣር ቅጠል ጫፍ ደርሳ ቀጣዩን ቅጠል ይዛ እንደምትሻገር፣ ነፍስም ከአካል ወደ አካል ትሻገራለች ይላሉ። ወዴት እንደምትሻገር የሚወስነው ሥራዋ፣ ማለትም ካርማ ነው። ገብስ የዘራ ስንዴ አያጭድም፤ ልዩነቱ በእነርሱ እምነት አዝመራው ወደ ሌላ ሕይወት ሊተላለፍ መቻሉ ነው። ከዚህ የመወለድና የመሞት ዑደት ነጻ መውጣት ሞክሻ ይባላል። ትንሣኤንና የፍርድ ቀንን ከሚያስተምሩት ከክርስትናና ከእስልምና የሚለይበት ትልቁ ነጥብም እዚህ ላይ ነው።

ወደ ላሟ እንመለስ። ሂንዱዎች ላምን የዓለም ፈጣሪ አድርገው አያዩአትም። ወተቷ ልጅ የሚያሳድግ፣ ጥጃዋ አድጎ የሚያርስ፣ ኩበቷ እሳት የሚሆን በመሆኑ እንደ እናት ያከብሯታል፤ ሕይወት ያለውን ሁሉ ካለመጉዳት ትምህርት ጋርም ያያይዙታል። በነገራችን ላይ የእኛ ከብቶች ሻኛ የመጣው በጥንት ዘመን በህንድና በፓኪስታን አካባቢ ከተላመደው የዜቡ ዝርያ ነው።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በትውልድ የሚለያየው ሥርዓት። የአራቱ መደቦች ስም በሪግቬዳ ይገኛል። ሥርዓቱ በኋላ እየጠነከረ ሄዶ ሚሊዮኖችን «የማይነኩ» አድርጎ ከውኃ ጉድጓድና ከቤተ መቅደስ አግልሏል። እዚያው ቻንዶግያ ውስጥ ግን ሳትያካማ የሚባል ልጅ አለ። መምህር ፍለጋ ሄዶ ዘሩን ሲጠየቅ፣ እናቱ በየሰው ቤት ስታገለግል የወለደችው በመሆኑ አባቱ ማን እንደሆነ እንደማታውቅ ሳይደብቅ ይናገራል። መምህሩ እውነት በመናገሩ ይቀበለውና 400 ከሲታ ከብቶች ያስረክበዋል። ልጁ 1000 ሳይሞሉ ላይመለስ ይወስናል። ዓመታት አልፈው ቁጥሩ ሲሞላ ስለ ብራህማን መጀመሪያ ያስተማረው ከመንጋው መካከል ያለው ኮርማ ነው። መጽሐፉ እረኛውን እንዲህ ቢያከብረውም ኅብረተሰቡ ለዘመናት በሌላ መንገድ ሄደ።

በዚህ ላይ ለመፍረድ የምንቸኩል ከሆነ፣ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው ስንንቅ የኖርን መሆናችንን ማስታወስ ይገባናል። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ህንድ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1950 በጸናው ሕገ መንግሥቷ «የማይነካ» የሚለውን አድልዎ ሽራለች። የረቂቁን ኮሚቴ የመሩት አምቤድካር ራሳቸው ከተገለሉት ወገን የተወለዱ ነበሩ፤ በሕይወታቸው መጨረሻ ግን የሂንዱን እምነት ትተው ቡድሂስት ሆኑ። አድልዎው በሕግ ቢሻርም ከኑሮው ፈጽሞ አልጠፋም።

ህንዳዊ እንግዳ የሚቀበል ቤተሰብ ወይም ምግብ ቤት ቢኖር ይህን ቢያውቅ መልካም ነው፤ ሁሉም ሂንዱ ሥጋ አይተውም፤ የሚተዉት ግን ብዙ ናቸው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ያለበት የጾም በያይነቱ ይስማማቸዋል። ወተትና ቅቤ እንደ እኛ ጾም አልተከለከሉባቸውም፤ እንቁላልን ግን ብዙዎቹ አይበሉም። ቀይና ነጭ ሽንኩርት የማይቀምሱም ስላሉ፣ ወጡ ከመሠራቱ በፊት መጠየቅ ይሻላል።