ግንቡ የወጣበት ዋሻ

ፈረንሳይ ሄዶ ሎዋር ሸለቆን ያየ ሰው የሚያወራው ስለ ግንቦቹ ነው። አይፈረድበትም። ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ እ.ኤ.አ. በ1519 ያስጀመረው ሻምቦር ብቻውን ከ400 በላይ ክፍሎች አሉት። እኔን የሚቆጨኝ ግን ድንጋዩን ልብ የሚለው ሰው ማነሱ ነው።

ቱፎ ይባላል። ከ90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩ ባሕር ሳለ የተቀመጠ ነጭ ደለል ነው። ከኮረብታው ሆድ ሲወጣ እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ በመጋዝ ይቆረጣል፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። በየግንቡ ጣሪያና መስኮት ላይ ያ ሁሉ ጌጥ የተፈለፈለው ድንጋዩ እሺ ባይ ስለሆነ ነው። ድንጋዩ የወጣበት ቦታ ደግሞ ዋሻ ሆኖ ቀረ። ዋሻው ክረምት ከበጋ 12 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እርጥበትም አያጣም። ሶሙር አጠገብ እንጉዳይ ያበቅሉበታል፤ ቩቭሬ ላይ ወይን ጠጅ ያሳድሩበታል።

ቩቭሬ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ወይን ጠማቂ ዋሻቸው ሲያስገቡኝ በርሜሎቹን አልፈው ግድግዳው ዘንድ ወሰዱኝ። የመቆፈሪያው ጥርስ ያረፈበት ሁሉ ሰልፍ ይዞ ይታያል። «ይንኩት እንጂ!» አሉኝ። ዳሰስኩት፤ መዳፌ ነጭ ሆነ።

ከዚያ አንድ ጣፋጭ ወይን ቀዱልኝ። ብዙ ሰው ወይን ከጣፈጠ ስኳር ጨምረውበት ነው ይላል። ስሕተት ነው! የቩቭሬ ወይን ደረቁም፣ ለስለስ ያለውም፣ ማር የሚመስለውም ከአንድ ዘር፣ ከሽናን ፍሬ ነው። መከር ሲዘገይ ፍሬው እግንዱ ላይ እንዳለ እየተሸበሸበ ስኳሩ ይጠራቀማል፤ እርሾው ሁሉንም ሳይጨርስ ጠመቃው ሲቆም ቀሪው ጣፋጭነት ይሆናል። ይህን የመሰለ ወይን በረዶ ውስጥ ዘፍቆ ማደንዘዝ ደግሞ ግፍ ነው፤ ቀዝቀዝ ይበል እንጂ መዓዛው አይገደል።

አብሮት የቀረበው ሴንት ሞር የተባለው የፍየል አይብ ነበር። መሐሉን የሚሰነጥቀው ጭድ ቆሻሻ አይደለም፤ አይቡን ደግፎ ይይዛል፣ የአምራቹም መለያ ተቀርጾበታል። አውጥቶ የሚጥለው ሰው መጀመሪያ ያንብበው።

በማግስቱ ሸኖንሶ ወደሚባለው ግንብ ሄድኩ። በሼር ወንዝ ድልድይ ላይ የተዘረጋው ረጅም አዳራሽ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቁስለኞች ሆስፒታል ነበር። ከመስኮቱ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ውሃውን ሳይ ቆየሁ። ስወጣ ጥቁር ኮቴ ትከሻው ላይ ያው የዋሻው ነጭ ዱቄት ነበረበት።