እንግሊዝና አሜሪካ እንዴት ታረቁ?

ቋንቋቸው አንድ ስለሆነ እንግሊዞችና አሜሪካኖች ከጥንት ጀምሮ ወዳጅ የነበሩ ይመስለናል። በብዙዎቻችን ቤትም ሁለቱም «ፈረንጅ» ተብለው ባንድ ላይ ነው የሚጠሩት። ታሪካቸው ግን በጦርነት ነው የጀመረው። ታዲያ ምን አስታረቃቸው?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1776 ነፃነቷን ብታውጅም እንግሊዝ የተቀበለችው በ1783 ነው፣ ተዋግታ ከተሸነፈች በኋላ። በ1812 እንደገና ጦርነት ተነሳ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአሜሪካን መርከቦች እያስቆመ መርከበኞችን በግድ ይወስድ ነበር፤ ከአሜሪካኖቹም ካናዳን የሚመኙ ነበሩ። በ1814 የእንግሊዝ ወታደሮች ዋሽንግተን ገብተው ዋይት ሐውስን አቃጠሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሰላም ውል ተፈረመ፤ ቂሙ ግን አልጠፋም።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ደግሞ አላባማ የተባለች የጦር መርከብ ሊቨርፑል አጠገብ ተሠርታ ለደቡቦቹ ተሰጠች። ይህች አንዲት መርከብ ከ60 በላይ የሰሜኑን መርከቦች ያዘች፣ አብዛኞቹንም አቃጠለች። ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካ «ካሳ ክፈሉን» አለች። ካናዳን በካሳነት እንውሰድ ያሉ ፖለቲከኞችም ነበሩ።

ታሪኩ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ አገሮች በ1871 ተስማምተው ጉዳዩን ለአምስት ዳኞች ሰጡ፦ ከራሳቸው አንድ አንድ፣ የቀሩት ከጣሊያን፣ ከስዊዘርላንድና ከብራዚል። እኛ ሽማግሌ እንደምናስቀምጠው ማለት ነው። ዳኞቹ ጄኔቫ ተቀምጠው በ1872 እንግሊዝ 15.5 ሚሊዮን ዶላር በወርቅ እንድትከፍል ፈረዱ። በዘመኑ ከሁሉ ኃያል የነበረችው አገር ከፈለች። ደግነት ብቻ አልነበረም፤ ነገ እሷ ስትዋጋ አሜሪካ ለጠላቶቿ መርከብ እንዳትሠራ ፈርታ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጣልተዋል፣ ጦር ግን አልተማዘዙም።

ለእኔ ለነርሲንግ ተማሪዋ ደግሞ የሚገርመኝ የፔኒሲሊን ነገር ነው። በ1941 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ፍሎሪና ሂትሊ ሻጋታውን ይዘው አሜሪካ ሄዱ፤ እንግሊዝ በቦምብ እየተደበደበች መድኃኒቱን በብዛት ማምረት አልቻለችም ነበር። ኢሊኖይ ውስጥ ፒዮሪያ ከተማ ያለ የእርሻ ምርምር ላቦራቶሪ ከበቆሎ ስታርች ፋብሪካ የሚተርፈውን ፈሳሽ ተጠቅሞ ምርቱን አበዛው። በ1944 የተባበሩት ጦር ኖርማንዲ ሲገባ ለቁስለኞቹ መድኃኒቱ ደርሶ ነበር። ቢሆንም አሜሪካኖቹ በአመራረቱ ዘዴ ላይ ፓተንት በማውጣታቸው እንግሊዞች ቅር ተሰኝተዋል።

«ልዩ ግንኙነት» የሚለውን ቃል ቸርችል በ1946 ታዋቂ አደረገው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ለእንግሊዝ 3.75 ቢሊዮን ዶላር አበደረች፣ ከነወለዱ። የመጨረሻው ክፍያ የተፈጸመው በ2006 ነው! በ1956 ደግሞ እንግሊዝ ስዊዝን ስትወር አይዘንሃወር በገንዘብ በኩል አስጨንቆ አስወጣት። ልዩ ወዳጅነት እንዲህም ነው።

እኛ ስንታረቅ ብዙ ጊዜ «ያለፈው ይረሳ» እንላለን። እነዚህ ሁለቱ ግን አልረሱም። የጠፋውን ቆጠሩ፣ ዳኛ አስቀመጡ፣ የተፈረደበትም ከፈለ። በየስብሰባችን ስለ አገራችን ሰላም ስናወራ «ይቅር እንባባል» ከማለታችን በፊት «የጠፋውን ማን ይቁጠር? ማንስ ይዳኝ?» ብለን ብንጠይቅ ጥሩ ይመስለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?