አንድነት ፓርክን አይቶ በአታን መተው

ከጉርድ ሾላ ተነስታችሁ አንድነት ፓርክን ለማየት ያሰባችሁ ሰዎች፣ ከመገናኛ የአራት ኪሎ ታክሲ ከመያዛችሁ በፊት ይህን አስቡበት፤ አጠገቡ ያለውን የበአታ ለማርያምን ቤተ ክርስቲያን ካላያችሁ ፓርኩ የሚገኝበትን ቤተ መንግሥት ታሪክ ግማሹን ትታችሁ ትመለሳላችሁ። በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው ግቢ፣ ከነዙፋን ቤቱና ከነግብር አዳራሹ፣ ነገሥታቱ እንዴት እንደገዙ ያሳያል። መጨረሻቸው ያለው ግን ከአጥሩ ወዲያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ሲያርፉ ሞታቸው በይፋ አልተነገረም፤ አስከሬናቸውም ለዓመታት እዚያው ግቢ ውስጥ ቆየ። በአታን ያሠሩላቸው ልጃቸው ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ ነው፤ ዛሬ አባትና ልጅ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር በምድር ቤቱ አርፈዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በነሐሴ 1967 «አረፉ» ተባለ እንጂ መቃብራቸው አልታወቀም ነበር። በ1984 ዐፅማቸው ከዚያው ግቢ መሬት ሥር ወጣ፤ በጥቅምት 1993 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እስኪቀበር ድረስ ያቆየውም በአታ ነው። ሁለት ጊዜ ግቢው የሸሸገውን ሞት ቤተ ክርስቲያኑ ተቀበለ።

ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን የሚጎራበቱት በእኛ ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዟ ደርሃም ኖርማኖች ግንቡን በ1072፣ ካቴድራሉን በ1093 እ.ኤ.አ. ጀምረው ጎን ለጎን ሠርተዋል፤ ዩኔስኮም ሁለቱን እንደ አንድ ቅርስ መዝግቧቸዋል። እዚያ ጳጳሱ ራሱ በግንቡ የሚኖር ገዥ ነበር። በእኛ ግን ቤተ ክርስቲያኑን የሚያሠራው ንጉሡ ሲሆን ጳጳሱ ለዘመናት ከግብፅ ይመጣ ነበር። ስለዚህ መንበሩና መቅደሱ ቢጎራበቱም አንድ ሰው እጅ ውስጥ አልገቡም። ይህን ልዩነት ለማየት ሁለቱንም ደጅ መርገጥ ያስፈልጋል።

«በአታ የጸሎት ቤት እንጂ ሙዚየም አይደለም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ደርሃምም እስካሁን ይጸለይበታል። መልሱ መቅረት ሳይሆን ጫማ አውልቆ፣ በሥርዓት መግባት ነው። «ዙፋንና መስቀልን እንደገና ማጣመር የድሮውን ሥርዓት መናፈቅ ነው» የሚለው ይበልጥ ይከብዳል። ለእኔ ግን የዘውዱን ጌጥ ብቻ አይቶ መመለስ ነው ናፍቆትን የሚያሳድገው፤ ሞቱ የተደበቀ ንጉሥ መቃብር አጠገብ ቆሞ ዘውድን ማሞገስ ቀላል አይደለም። ለሰዓቱ፣ ረቡዕና ዓርብ በጾም ምክንያት ቅዳሴው ከቀትር ስለሚሆን በአታን በጠዋት፣ ግቢውን ከሰዓት አድርጉት፤ በሌላው ቀን ከግቢው ጀምሩ።