ፊት የሌለው የራስ ምስል፦ የክታብ ጥቅልልና የእስክንድር ቦጎሲያን ሥዕሎች

ሠዓሊ ማንነቱን በሥዕል ሲመረምር ብዙ ጊዜ የምንጠብቀው የገዛ ፊቱን ምስል ነው። እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003) የተከተለው መንገድ ግን ሌላ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ያ መንገድ በኢትዮጵያ ከሚታወቀው የክታብ ጥቅልል አንጻር እንዴት ሊነበብ እንደሚችል ያብራራል። ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

እስክንድር በአዲስ አበባ የተወለደ ሲሆን በአባቱ ወገን የአርመን ዝርያ ነበረው። በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ሄደ፤ ቀጥሎም በፓሪስ ዓመታትን አሳለፈ። በዚያም ከፖል ክሌና ከኩባዊው ዊፍሬዶ ላም ሥራዎች ጋር ተዋወቀ። በ1966 ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካስተማረ በኋላ ወደ አሜሪካ አቀና፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ለረጅም ዘመን አስተማረ። በዚህ የሕይወት ታሪክ ምክንያት ሥራዎቹ ብዙውን ጊዜ «የአውሮፓ ሱሪያሊዝምና የኢትዮጵያ ትውፊት ቅይጥ» ተብለው ይገለጻሉ። አገላለጹ ስሕተት ባይሆንም፣ ሠዓሊው ከትውፊቱ በትክክል ምን እንደወሰደ አይነግረንም።

የክታብ ጥቅልል ደብተራ በብራና ላይ የሚያዘጋጀው የጸሎትና የሥዕል ሥራ ነው። በልማዱ ባለቤቱ ከራሱ እስከ እግሩ እንዲጠበቅ ርዝመቱ ከቁመቱ ጋር ይመጣጠናል፤ የክርስትና ስሙም በግእዙ ጸሎት ውስጥ ይገባል። በጽሑፉ መካከል መላእክት፣ መስቀሎችና ጠልሰሞች ይሣላሉ፤ ከሁሉም ጎልተው የሚታዩት ዓይኖች ናቸው። እንደ እምነቱ እነዚህ ዓይኖች የሚታዩ ብቻ ሳይሆኑ የሚያዩም ናቸው፤ ክፉ መንፈስ ከእይታቸው ይሸሻል። ስለዚህ ጥቅልሉ ባለቤቱን የሚወክለው በመልኩ ሳይሆን በስሙና በቁመቱ ልክ ነው። ፊት የሌለው የራስ ምስል ልንለው እንችላለን።

በእስክንድር ሥራዎች ደጋግመው የሚመጡት ዓይኖች፣ ክንፎችና ወፍ መሰል ፍጥረታት ከዚህ ዓለም ጋር የተዛመዱ ናቸው። ይሁን እንጂ ዝምድናው የቅጂ አይደለም። በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው «የጁጁ ሠርግ» (1964) ስሙን የወሰደው ከምዕራብ አፍሪካ መናፍስታዊ እምነት ጋር ከተያያዘ ቃል ነው፤ የተሠራውም በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ ነው። በ1981 የተሠራው «የጊዜ ዑደት 3» ደግሞ በሸራ ፈንታ የዛፍ ልጥ ይጠቀማል። ማንነት እዚህ ላይ በትውልድ ስፍራ የተወሰነ ርስት አይደለም፤ ከብዙ የአፍሪካ ምንጮች በምርጫ የሚሰበሰብ ነው።

ይህ ንባብ ለተመራማሪ አንድ ጥንቃቄ ያስከትላል። እያንዳንዱን ዓይን ወይም ክንፍ በጠልሰም መዝገብ ፈልጎ መፍታት አያዋጣም፤ ምክንያቱም ጥቅልሉ በስም የተጠቀሰ አንድ ባለቤት ሲኖረው፣ በሙዚየም የተሰቀለው ሥዕል ግን እንዲህ ያለ ባለቤት የለውም። ከፊቱ የሚቆመው ሁሉ ይታያል። ስለዚህ «ይህ ምልክት ምን ማለት ነው?» ከማለታችን በፊት «ይህ ዓይን ማንን ይመለከታል? ማንንስ ይጠብቃል?» ብለን ብንጠይቅ፣ ሠዓሊው ከትውፊቱ ወደወሰደው ዋና ነገር ይበልጥ እንቀርባለን።