ከእርሳስ በፊት መቀስ

ኮላዥን «ሥዕል ቆራርጦ መለጣጠፍ» እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች ያናድዱኛል። አርክቴክት ኮላዥ የሚሠራው ገና ያልወሰነውን ነገር ለመወሰን ነው። ቁርጥራጩ እስካልተጣበቀ ድረስ ይንሸራተታል፣ ይገለበጣል፣ ይነሣል፤ ውሳኔው የሚበስለውም በዚሁ መሀል ነው።

አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮ እ.ኤ.አ. በ1942 አልበርት ካን የነደፈውን የአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጡን በሚያሳይ ፎቶግራፍ ላይ ወረቀቶች ለጠፈ። ወረቀቶቹ ግድግዳና ጣሪያ ሆኑ፤ የፋብሪካው አዳራሽም የሙዚቃ አዳራሽ ሆነ።

እኔ ነገሩን የማስረዳው በድሪቶ ነው። መደቡ ጨርቅ ቦታው ነው፤ እራፊው ከሌላ የመጣ ቁራጭ፤ ክሩ ደግሞ ደረጃውና መተላለፊያው። ጎበዝ ሰፊ እራፊውን ከቀዳዳው አስፍቶ ይቆርጣል፤ ጠርዝ ለጠርዝ ከገጠመው ይተረተራላ! አዲስ እራፊ ሲታጠብ ይሰበሰብና አሮጌውን ይጎትተዋል፤ ከአሮጌ የድንጋይ ግንብ ጋር የተጣበቀ አዲስ ኮንክሪትም መሬቱ ሲሰምጥ ስንጥቅ ያመጣል። ስለዚህ ክሩ ላላ ይበል፤ አርክቴክቱም መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ይተው።

ደብረ ሲና ከጣርማበር ዋሻ ወረድ ብላ ዳገት ላይ የተቀመጠች የመንገድ ከተማ ናት። አንዲት ተማሪዬ እዚያ መንገድ ዳር ለቆሎ ሻጮች መጠለያ ስትነድፍ ያመጣችው ፕላን ልኩ የተሟላ ነበር። በኮላዥ እንድትሞክረው ጠየቅኋት። የዳገቱን ፎቶ ዘረጋች፤ የቆርቆሮ ክዳን ከአንዱ ፎቶ፣ የድንጋይ ካብ ከሌላው ቆርጣ አስቀመጠች። አውቶቡሱን በልኩ ቆርጣ ስታስጠጋው የክዳኑ ጠርዝ ልክ መስኮቱ ፊት መጣ። ቆሎ የያዘችው ሴት እጇን ወደ ተሳፋሪው ዘርግታለች፤ ክዳኑ ክርኗ ላይ አረፈ። ፕላን ከላይ ስለሚያይ ይህን አያሳይም። ተማሪዋ ክዳኑን ወደ ኋላ ሳበችው፤ ሻጮቹ የሚቆሙበትንም ካብ ከፍ አደረገችው። ከዚያ ወዲያ መጠለያው የተነደፈው ከሻጯ ክንድ ተነሥቶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሙግት አለኝ። ኮሊን ሮው እና ፍሬድ ኮተር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት «ኮላዥ ሲቲ» መጽሐፍ ከተማን ጠርገው በአንድ ጠቅላይ ፕላን ሊሠሩ የሚሹትን ዘመናውያን አርክቴክቶች ሞገቱ፤ ከተማ በየዘመኑ ቁርጥራጮች ይገነባል አሉ። ልክ ናቸው። የሚያንገበግበኝ ይህን ይዞ «የእኛም ከተሞች ኮላዥ ናቸው» እያለ ዝርክርክነትን የሚያወድስ ሰው ነው። ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ማንም ያላሰበበት የመስታወት ፎቅ ኮላዥ አይደለም።

የታሰበበትን ለማየት አዲስ አበባ፣ መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም ሂዱ። ከኮምፒውተር ቁርጥራጭና ከሽቦ ሥዕል የሚገጣጥመው ኤልያስ ስሜ ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቆመውና እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተ ግቢ ነው። የጭቃና የጭድ ግድግዳዎቹን ጌጥ ጠጋ ብላችሁ እዩ።

ከዚያ የሰፈራችሁን ፎቶ በትልቁ አሳትሙ። ሊሠራ የታሰበውን ቆርጣችሁ አስቀምጡበት፤ ሰውም ከነቁመቱ አጠገቡ አቁሙ። አስጠጉት፣ አርቁት። ኮላውን አትቸኩሉበት።