አል ሙተነቢና ካፉር፦ የገጣሚ ዝናና የታሪክ ፍርድ



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጥያቄ አንድ ነው። ታላቅ ግጥም ስለ አንድ ሰው የተናገረውን ሁሉ እንደ ታሪክ ምስክርነት ልንቀበለው ይገባናልን? ጥያቄውን የምመረምረው በዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ከፍተኛውን ዝና ካተረፉት ገጣሚዎች አንዱ በሆነው በአል ሙተነቢ ሕይወት ነው።

አሕመድ ኢብን አል ሑሰይን እ.ኤ.አ. በ915 በኢራቅ፣ በኩፋ ከተማ ተወለደ። አባቱ ውኃ ቀጂ ነበር ይባላል። በልጅነቱ ከበረሃ ዘላኖች ጋር ኖሮ ዐረብኛን ከአንደበታቸው ቀሰመ። በወጣትነቱ በሶርያ ዐመፅ አስነሥቶ ታሰረ። «አል ሙተነቢ»፣ ማለትም «ነቢይ ነኝ ባይ»፣ የሚለው ቅጽል ስሙም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ዐመፅ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

እ.ኤ.አ. በ948 ሐለብ ገብቶ ከቢዛንታይን ጋር ይዋጋ የነበረው የሰይፍ አል ደውላ ባለሟል ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ያህል የልዑሉን ዘመቻዎች በግጥም አወደሰ፤ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚደነቁትም በብዛት የዚህ ዘመን ናቸው። ከልዑሉ ጋር በተቃቃረ ጊዜ ግን እ.ኤ.አ. በ957 ወደ ግብፅ ሄደ።

በግብፅ ሥልጣኑን የያዘው ካፉር ነበር። ካፉር በባርነት የተሸጠ ጥቁር ጃንደረባ ሲሆን፣ ምንጮች ትውልዱን አንዳንዶቹ ከኑብያ፣ ሌሎቹ ከሐበሻ ያደርጉታል። አል ሙተነቢ አወደሰው፤ ለውዳሴው የተመኘው ዋጋም የአንድ ግዛት ሹመት ነበር። ካፉር ግን ሹመቱን ነፈገው። ገጣሚው በዒድ አል አድሓ ዋዜማ ከአገር ኮበለለ፤ የቀድሞ ጌታውንም በቆዳው ቀለም፣ በባርነቱና በጃንደረባነቱ እያዋረደ ዘለፈው። ዘለፋው በዐረብኛ ተናጋሪዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ካፉር በተቀናቃኞች ተከብባ የነበረችውን ግብፅ ለሃያ ዓመታት ያህል አጽንቶ የያዘ፣ ሊቃውንትንም የሚደግፍ ገዥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ968 ከሞተ በኋላ በዓመቱ አገሪቱ በፋጢማውያን እጅ ወደቀች። ይሁን እንጂ ብዙ አንባቢ የሚያውቀው የገዥውን ሥራ ሳይሆን የተቆጣውን ገጣሚ ቃል ነው።

ከዚህም አልፎ፣ በኋላ ዘመን የተነሡ ተንታኞች ለካፉር የተገጠመው ውዳሴ ራሱ ሽሙጥ ያዘለ ነው ብለው ተረጐሙት። ሰምና ወርቅን ለለመደ ለኛ ጆሮ ይህ አተረጓጐም እንግዳ አይሆንም፤ ለአንዳንዶቹ ስንኞችም ይስማማ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን ለውዳሴው ሁሉ ሲሠራበት ምቹ ማምለጫ ይሆናል። ታላቁ ገጣሚ በባርነት የተሸጠን ጥቁር ሰው ከልቡ አወድሶ ነበር ከማለት ያድናልና። ወርቅ ፈላጊ አንባቢ አንዳንድ ጊዜ ወርቁን ራሱ አምጥቶ ይቀብረዋል።

አል ሙተነቢን የገደለውም ዘለፋው ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ965 ከፋርስ ወደ ኢራቅ ሲመለስ፣ በግጥሙ የሰደበው ሰው ዘመድ ከጭፍሮቹ ጋር ደፈጣ አድርጎ ከነልጁ ገደለው። ዝናው ግን አብሮት አልተቀበረም። ኢብን ጂኒና አል መዐሪን የመሰሉ ሊቃውንት ግጥሞቹን ተነተኑ፤ በባግዳድ የመጻሕፍት ሻጮች ጎዳና በስሙ ይጠራል። ጎዳናው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 በቦምብ ጥቃት ወድሞ በርካታ ሰዎች ሲሞቱም፣ ሻጮቹ ከጊዜ በኋላ ወደ ስፍራቸው ተመልሰዋል።

ስለዚህ መደምደሚያዬ ይህ ነው። አል ሙተነቢን ለቋንቋው ኃይል እናንብበው፣ እናድንቀውም። ስለ ካፉር ማንነት ሲመሰክር ግን፣ ሹመት ጠይቆ የተነፈገ ሰው መሆኑን አንዘንጋ። የስንኝ ውበት ለስንኙ እንጂ ለፍርዱ ዋስ አይሆንም።