ወደ ክላውድ ስንሻገር ትርጉሙ እንዳይቀር



የከባድ መሣሪያ አምራች አንድን ኤክስካቫተር ከሸጠ በኋላ ለብዙ ዓመታት መለዋወጫ ማቅረብ ይጠበቅበታል። የማሽኑ ሙሉ ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ተመዝግቦ የሚገኘው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ ባቀረበው ኤኤስ 400 ዓይነት ነባር ሥርዓት ውስጥ ነው።

ይህን መረጃ ወደ ክላውድ ማሻገር ፋይል መቅዳት ብቻ ሊመስለን ይችላል። እኔ ግን ዋናው ሥራ ትርጉምን መጠበቅ ነው እላለሁ። ነባሩ ሥርዓት በሚጠቀምበት ኤብሲዲክ በተባለው የፊደላት ኮድ የላቲኑ ትልቁ «ኤ» 193 ነው፤ በዩኒኮድ ግን 65 ነው። ይህን ልዩነት የመቀየሪያ ሰንጠረዥ በቀላሉ ይፈታዋል። የሚከብደው ስሕተቱ የማይታየው ነው። ለምሳሌ «00457» የተባለ የመለዋወጫ መለያ እንደ ቁጥር ከተነበበ ከፊቱ ያሉት ዜሮዎች ይጠፋሉ። «457» የሌላ ዕቃ መለያ ከሆነ ደግሞ ሥርዓቱ ምንም ሳያስጠነቅቅ የተሳሳተ ዕቃ ያዛል፤ ማሽኑም ሥራ ፈትቶ ይቆማል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የእያንዳንዱን መለያ ትርጉም፣ ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡትን ባለሙያዎች ጠይቀን በጽሑፍ እናስፍር። ቀጥሎም ሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን እያሠራን ውጤታቸውን እናነጻጽር። ነባሩን የምንዘጋው ልዩነቶቹ ሁሉ ምክንያታቸው ሲታወቅና ሲታረሙ ብቻ ነው።